የጋና ከተሞች ሕዝብ ከየት መጣ? ስለ ፍልሰት፣ ስለ ውልደትና ስለ ድንበር ለቀረበ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። በምዕራብ አፍሪካ ከተሞች ዕድገት ላይ የመመረቂያ ጽሑፍ በማዘጋጀት ላይ ያሉ አንድ የሁለተኛ ዲግሪ ተማሪ፣ የጋና የከተማ ነዋሪ ድርሻ በ1960 ከነበረበት 23 በመቶ ተነሥቶ በ2021 ወደ 57 በመቶ መጠጋቱን ካነበቡ በኋላ ሦስት ነገር ጠይቀዋል፦ ይህ ሁሉ ሰው ከገጠር የፈለሰ ነው ወይ? መንግሥት ፍልሰቱን መግታት ቢችል ኖሮ ከተሞቹ ይረጋጉ ነበር ወይ? በመጨረሻም፣ በ2010 ከ1.6 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ የነበራት አክራ በ2021ዱ ቆጠራ 284 ሺህ ብቻ ተብላ መመዝገቧ የቆጠራ ስሕተት ነው ወይስ ሕዝቡ በርግጥ ለቆ ወጥቷል?

ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት በሙሉ እንደ ኤውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ምላሼን የምጀምረው ከሦስተኛው ጥያቄ ነው፤ እርሱ ሳይጠራ የቀሩትን ሁለቱን በቁጥር መመለስ አይቻልምና።

የቆጠራ ስሕተት የለም፤ ለቆ የወጣ ሕዝብም የለም። የተለወጠው ድንበሩ ነው። በቆጠራው ሠንጠረዥ ላይ «አክራ ሜትሮፖሊታን» ተብሎ የሰፈረው የከተማዋ ጠቅላላ ስፋት ሳይሆን ያንን ስም የያዘ አንድ የአካባቢ መስተዳድር ነው። በሁለቱ ቆጠራዎች መካከል፣ በተለይም በ2018 አካባቢ፣ መንግሥት ከዚህ መስተዳድር ሥር የነበሩ ሰፊ ሰፈሮችን እየከፈለ ራሳቸውን የቻሉ ማዘጋጃ ቤቶች አደረጋቸው፤ በዚህም ምክንያት ስሙን ይዞ የቀረው አሮጌው መካከለኛ ክፍል ብቻ ሆነ። በኩማሲም የተፈጸመው ተመሳሳይ ነው፤ በ2010 ከ1.7 ሚሊዮን በላይ ይቆጠር የነበረው የኩማሲ ሜትሮፖሊታን ሕዝብ በ2021 444 ሺህ ገደማ ሆኖ ተመዝግቧል። እነዚህን ሁለት መስመሮች ብቻ ያየ አንባቢ የጋና ታላላቅ ከተሞች ባዶ እየሆኑ ነው ወደሚል ድምዳሜ ቢደርስ አይፈረድበትም። ነገር ግን ወሰኑ ያልተለወጠውን ታላቋን የአክራ ክልል ስንመለከት፣ ሕዝቧ በ1984 1.4 ሚሊዮን፣ በ2000 2.9 ሚሊዮን፣ በ2010 4 ሚሊዮን፣ በ2021 ደግሞ 5.46 ሚሊዮን ገደማ ሆኖ እናገኘዋለን። ኩማሲ የምትገኝበት የአሻንቲ ክልልም በዚያው ዓመት 5.44 ሚሊዮን ነዋሪ ነበረው፤ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት አሥራ አምስት ሺህ ሰው ገደማ ነው።

የክልሉን ወሰን መያዝም ቢሆን ሙሉ መፍትሔ አይደለም፤ ከተማው ከክልሉ ድንበር ተሻግሮ ሄዷልና። ለዚህ ከሁሉ የተሻለው ምሳሌ ካሶዋ ነው። ካሶዋ ከአክራ በስተምዕራብ ወደ ኬፕ ኮስት በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ሲሆን በአስተዳደር የማዕከላዊ ክልል አካል ናት። በ1970 ቆጠራ አንድ ሺህ ሰው ያልሞላባት መንደር ነበረች። በ1984 ሦስት ሺህ አልደረሰችም፤ በ2000 ግን ወደ 35 ሺህ፣ በ2010 ወደ 70 ሺህ ተጠግታ ተገኘች። እርሷ የምትገኝበት የአውቱ ሴንያ ምሥራቅ ማዘጋጃ ቤት በ2021 ከ236 ሺህ በላይ ነዋሪ ተቆጥሮበታል። ከነዋሪዎቿ ብዙዎቹ በየማለዳው በትሮትሮ ሚኒባስ ተሳፍረው ወደ አክራ ለሥራ የሚጓዙ ሰዎች ናቸው፤ በመዝገብ ግን አንዳቸውም የአክራ ነዋሪ ተብለው አይቆጠሩም። እንግዲህ ጠያቂያችን የአክራን ዕድገት ሊለኩ ሲነሡ፣ በአንድ በኩል ድንበሩ የጠበበ መስተዳድር፣ በሌላ በኩል ከድንበሩ ያመለጠ ከተማ እንደሚጠብቃቸው አስቀድመው ማወቅ ይኖርባቸዋል።

«ከተማ» የሚባለው ራሱ በምን እንደሚለካም መናገር ያስፈልጋል። የጋና የስታቲስቲክስ መሥሪያ ቤት 5,000 እና ከዚያ በላይ ሰው የሚኖርበትን ማንኛውንም ሰፈራ ከተማ ይለዋል፤ ነዋሪው ገበሬ ይሁን ነጋዴ፣ መብራት ይኑረው አይኑረው አይጠይቅም። በናይጄሪያ መለኪያው 20,000 ነው። በኢትዮጵያ ደግሞ በተለምዶ የሚጠቀሰው 2,000 ሲሆን የአስተዳደር መቀመጫነትም ከግምት ይገባል። ስለዚህ የጋናን 57 በመቶ ከኢትዮጵያ ወይም ከናይጄሪያ መቶኛ ጎን አስቀምጦ ማን ቀደመ ማን ዘገየ ማለት፣ በተለያየ መስፈሪያ የተሰፈረ እህል እንደማወዳደር ነው። የአንድን አገር ተከታታይ ቆጠራዎች በአንድ መለኪያ ማነጻጸር ግን ይቻላል፤ ጋና ደግሞ ከ1960 ጀምሮ ያው የ5,000 መለኪያ ሳይለወጥ የቆየባት አገር በመሆኗ ለዚህ ሥራ ምቹ ናት።

አሁን ወደ መጀመሪያው ጥያቄ ልለፍ። የአንድ አገር የከተማ ሕዝብ የሚጨምረው በሦስት መንገድ ነው፦ በከተማ ውስጥ የሚወለደው ከሚሞተው ሲበልጥ፣ ከገጠር የሚገባው ወደ ገጠር ከሚመለሰው ሲበልጥ፣ እንዲሁም ገጠር ይባል የነበረ ሰፈር 5,000 ሰው ሞልቶት የከተማ ስም ሲያገኝ። ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይረሳል፤ ነገር ግን በ1960 በጋና 98 ብቻ የነበሩት የከተማ ሰፈራዎች በ1984 203፣ በ2000 ደግሞ 364 ሆነዋል። አንድ መንደር 4,900 ሰው ይዞ ሲቆጠር ነዋሪው በሙሉ ገጠሬ ነው፤ መቶ ሕፃናት ሲወለዱለት ግን ከአያት እስከ ልጅ ልጅ ሁሉም፣ ማንም ካለበት ሳይንቀሳቀስ፣ በአንድ ሌሊት ከተሜ ይሆናል።

የሦስቱን ድርሻ በትክክል ለመለየት የተሟላ የልደትና የሞት ምዝገባ ያስፈልጋል። እርሱ ባይኖርም ማንም ሰው በወረቀትና በእርሳስ ሊሠራው የሚችል ግምታዊ ስሌት አለ። የከተማው ሕዝብ አገሪቱ በጠቅላላ ባደገችበት ፍጥነት ብቻ አድጎ ቢሆን ኖሮ ስንት ይሆን እንደነበር ይሰላል፤ ከዚያ በላይ የተገኘው ትርፍ የፍልሰትና የአዳዲስ ከተሞች ድርሻ ተደርጎ ይወሰዳል። ለምሳሌ ከ2010 እስከ 2021 የጋና ጠቅላላ ሕዝብ ከ24.66 ሚሊዮን ወደ 30.83 ሚሊዮን፣ ማለትም በ25 በመቶ አደገ። የከተማው ሕዝብ ደግሞ ከ12.55 ሚሊዮን ወደ 17.47 ሚሊዮን ደረሰ፤ ጭማሪው 4.92 ሚሊዮን ነው። በ2010 የነበሩት ከተሜዎች በ25 በመቶ ቢያድጉ የሚጨምሩት 3.14 ሚሊዮን ይሆናል። የቀረው 1.78 ሚሊዮን፣ ይኸውም ከጭማሪው 36 በመቶ ያህሉ፣ የፍልሰትና የደረጃ ለውጥ ድምር ነው። ባጭሩ በዚህ ዘመን ከሦስት አዲስ ከተሜዎች ሁለቱ ገደማ እዚያው ከተማ ውስጥ የተወለዱ ናቸው።

ይህንኑ ስሌት ወደ ኋላ እየሄድን ብንደግመው ታሪኩ ይበልጥ ይገለጣል። ከ1948 እስከ 1960 ባለው ጊዜ ከከተማው ጭማሪ ሁለት ሦስተኛው ገደማ ከፍልሰትና ከአዳዲስ ከተሞች የመጣ ነበር፤ የ1948ቱ ቆጠራ ጥራት ከኋለኞቹ ያነሰ ስለሆነ ይህን ቁጥር በጥንቃቄ መያዝ ይበጃል። በ1960ዎቹ ድርሻው ከግማሽ ጥቂት ይበልጣል። ከ1970 እስከ 1984 ወደ አንድ አራተኛ ወረደ፤ ከ1984 እስከ 2000 እንደገና ወደ ግማሽ ወጣ፤ ከ2000 እስከ 2010 41 በመቶ ሆነ፤ ከዚያ 36 በመቶ ላይ ደረሰ። የጠያቂያችን ግምት ለአያቶቻቸው ዘመን ትክክል ነበር ለማለት ይቻላል፤ ለዛሬ ግን አይሆንም።

ስሌቱ ሁለት ጉድለት አለበት። በከተማ የሚኖሩ ሴቶች ከገጠር ሴቶች ያነሰ ይወልዳሉ፤ ስለዚህ የከተማውን ተፈጥሯዊ ዕድገት ከአገሩ አማካይ ጋር እኩል ማድረግ በመጠኑ ያጋንነዋል። በአንጻሩ የከተማ ሕዝብ በመውለጃ ዕድሜ ያሉ ወጣቶች የሚበዙበትና የሕፃናት ሞት ያነሰበት በመሆኑ ግነቱ በከፊል ይካካሳል። ከዚህ በተጨማሪ ከገጠር መጥታ በአክራ የወለደች ሴት ልጇ የሚቆጠረው በውልደት እንጂ በፍልሰት አይደለም። የፍልሰት ድርሻ በመቶኛ ቀነሰ ማለትም ፍልሰቱ ቆመ ማለት አይደለም። ትርፉን በዓመት ስናካፍለው ከ1984 እስከ 2000 በዓመት ወደ 140 ሺህ፣ ከዚያ ወዲህ ደግሞ ከ160 ሺህ በላይ ሰው ይሆናል። የሚገባው ሰው አላነሰም፤ የበዛው አስቀድሞ ከተማ ውስጥ ያለውና የሚዋለደው ሕዝብ ነው።

በዚህ ተከታታይ ቁጥር ውስጥ የ1970–84ቱ ቁልቁለት ልዩ ትኩረት ይገባዋል፤ ከተማ ሰውን የሚስበው በምን እንደሆነ የሚያሳይ በመሆኑ። የጋና ዘመናዊ ከተሞች የተሠሩት በአብዛኛው በኮኮዋ፣ በወርቅና እነርሱን ወደ ባሕር በሚያደርስ ሐዲድ ነው። እንግሊዞች የቅኝ ግዛቱን መቀመጫ በ1877 ከኬፕ ኮስት ወደ አክራ አዛወሩ፤ ከሴኮንዲ የተነሣው የባቡር መሥመር በ1901 የወርቅ ማዕድን ወደሚገኝባት ታርክዋ፣ በ1903 ደግሞ ወደ ኩማሲ ደረሰ፤ የታኮራዲ ወደብ በ1928 ተከፈተ። አገሪቱ ከ1911 ጀምሮ ከስድሳ ዓመት በላይ በኮኮዋ ምርት ከዓለም ቀዳሚ ነበረች። ተክሉ የሚለማው በጫካ ውስጥ በትናንሽ ገበሬዎች ማሳ ነው፤ ገንዘቡ ግን የሚወጣው በከተማ ገበያ ነበር። ገበሬው ልጁን ያስተምራል፣ ቆርቆሮ ይገዛል፣ ልብስ ያሰፋል፣ በከባድ መኪና ይጭናል፤ በዚህም የተነሣ ፋብሪካ ሳይኖር ነጋዴ፣ ልብስ ሰፊ፣ ሾፌርና ጸሐፊ የሚኖርባቸው ከተሞች በሐዲዱና በመንገዱ ዳር በቀሉ። በአውሮፓ ከተሞችን የሞላው የፋብሪካ ሠራተኛ ነበር፤ ከዚያ ልምድ ተነሥቶ «ኢንዱስትሪ ሳይኖር ሕዝቡ ለምን ወደ ከተማ ይገባል?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መልሱን የሚያገኘው ከዚህ ነው።

የጋና የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ክዋሜ ንክሩማ ይህን ለመለወጥ ሞክረዋል። የቴማ ወደብ በ1962፣ የአኮሶምቦ ግድብ በ1965፣ የአሉሚኒየም ማቅለጫው ደግሞ እርሳቸው ከሥልጣን ከወረዱ በኋላ በ1967 ሥራ ጀመሩ፤ ግድቡ የፈጠረው ሰፊ ሐይቅ ብቻውን 80 ሺህ ያህል ሰዎችን ከመንደራቸው አስነሥቷል። ከዚያ በኋላ የመጣው ግን ውድቀት ነው። በ1964/65 ከ550 ሺህ ቶን በላይ የነበረው የኮኮዋ ምርት በ1983/84 ከ160 ሺህ ቶን በታች ወረደ። ከዋጋ ንረቱ የተነሣ ደመወዝተኛው ዱቄት መግዛት አቃተው፤ ብዙ ጋናውያን ነዳጅ ወዳበለጸጋት ናይጄሪያ ተሰደዱ። በ1983 መጀመሪያ ናይጄሪያ አንድ ሚሊዮን ያህል ጋናውያንን በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ስታባርር፣ ጋና በድርቅና በሰደድ እሳት እየተቃጠለች ነበር። የሕዝብ ቆጠራው የተካሄደው ከዚህ በኋላ ዓመት ጥቂት እንዳለፈ፣ በመጋቢት 1984 ነው፤ በዐሥራ አራት ዓመት ውስጥ የከተማው ድርሻ ከ29 ወደ 32 በመቶ ብቻ ከፍ ብሎ ተገኘ። ማንም የከተማውን በር አልዘጋም፤ ከተማው ራሱ የሚያበላ ስላልነበረ የሚመጣው ቀነሰ፣ መሬት የነበረውም ወደ ቀዬው ተመለሰ። የጄሪ ሮውሊንግስ መንግሥት በ1983 የኢኮኖሚ ማሻሻያውን ጀምሮ ንግዱና አገልግሎቱ ሲያንሰራራ፣ ትርፉ በስሌታችን እንደታየው ወደ ግማሽ ተመልሶ ወጣ።

ሁለተኛው ጥያቄ፣ ማለትም «ፍልሰቱ ቢገታስ?» የሚለው፣ ከዚህ ተነሥቶ በአብዛኛው ይመለሳል። ዛሬ አንድም ገጠሬ ወደ ከተማ እንዳይገባ ማድረግ ቢቻል እንኳ፣ 17.5 ሚሊዮን የሚሆነው የከተማ ሕዝብ በዓመት 2 በመቶ ያህል በራሱ ውልደት እያደገ በ35 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል። የወሊድ መጠኑ እየቀነሰ መሄዱ እርግጥ ነው፤ በ1988 በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት አንዲት ጋናዊት በዕድሜዋ በአማካይ 6.4 ልጆች ትወልድ የነበረ ሲሆን፣ በ2014 ይህ ወደ 4.2 ወርዷል፤ በከተማ 3.4፣ በገጠር 5.1። ነገር ግን ትናንት በብዛት የተወለዱት ሴት ልጆች ዛሬ እናቶች እየሆኑ ስለሆነ፣ እያንዳንዳቸው ከእናቶቻቸው ያነሰ ቢወልዱም የሚወለደው ሕፃን ቁጥር ወዲያው አይቀንስም። ጋና ከሰሐራ በታች ካሉ አገሮች ቀድመው የሥነ ሕዝብ ፖሊሲ ካወጡት አንዷ መሆኗን ላስታውስ፤ ያወጣችው በ1969 ነው፤ ፖሊሲው ፍሬ ያሳየው ግን ከሃያ ዓመት በላይ ዘግይቶ ነው።

ሰውን በትእዛዝ የማስወጣት ሙከራም በታሪኩ ውስጥ አለ። በኅዳር 1969 የጠቅላይ ሚኒስትር ኮፊ ቡሲያ መንግሥት የመኖሪያ ፈቃድ የሌላቸው የውጭ ዜጎች በሁለት ሳምንት ውስጥ እንዲወጡ አዘዘ፤ በመቶ ሺዎች የሚቆጠሩ፣ ብዙዎቹ በገበያና በኮኮዋ እርሻ ይሠሩ የነበሩ ናይጄሪያውያንና የአጎራባች አገሮች ሰዎች ወጡ። ከተሞቹ ግን አልቀለሉም፤ የጎደለው የገበያ ቦታ በሌላ ተያዘ፣ የተጎዳው ደግሞ የኮኮዋ እርሻው ሆነ። በአክራ መሐል በኮርሌ ሐይቅ ዳር የሚገኘው የኦልድ ፋዳማ የድሆች ሰፈርና ከጎኑ ያለው የአግቦግብሎሺ ገበያም በ2015 እና በ2021 በከፊል ፈርሰዋል። በሁለተኛው ጊዜ የሽንኩርት ነጋዴዎቹ ከከተማ ወጣ ወዳለችው ወደ አጀን ኮቶኩ ተዛወሩ፣ የቁርጥራጭ ብረት ሠራተኞቹም ቦታቸውን አጡ። ሰፈሩ ግን ዛሬም አለ፤ ነዋሪው ለመኖር የመረጠው ለገበያው ቅርብ ስለሆነ ነው፤ ገበያው እስካለ ድረስ የፈረሰበት ቤት በአጠገቡ መልሶ ይሠራል።

ወደ አክራ የሚመጣ የገጠር ሰው ሲነሣ ብዙውን ጊዜ የሚታሰቡት ካያዬ የሚባሉት፣ ከሰሜን ጋና መጥተው በየገበያው የሰውን ዕቃ በራሳቸው ላይ ተሸክመው የሚያደርሱ ልጃገረዶች ናቸው። የእነርሱ ጉዞ ምክንያት ግልጽ ነው። በደቡብ ዝናቡ በዓመት ሁለት ወቅት ሲሆን በሰሜን አንድ ብቻ ነው፤ የቅኝ ግዛቱ አስተዳደርም ሰሜኑን ለማዕድንና ለኮኮዋ የጉልበት ሠራተኛ የሚገኝበት አገር አድርጎ ስለያዘው ሐዲዱ ኩማሲ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ነገር ግን ከእነዚህ ልጃገረዶች ብዙዎቹ በደረቁ ወራት መጥተው በእርሻ ጊዜ የሚመለሱ ናቸው። ለገበያው ገጽታ ጎልተው ይታያሉ፤ ለከተማው የረጅም ጊዜ የሕዝብ ዕድገት ያላቸው ድርሻ ግን የጋዜጣ ወሬ እንደሚያስመስለው ትልቅ አይደለም።

እንግዲህ የፍልሰት ቁጥጥር መፍትሔ ካልሆነ የጋና ከተሞች ችግር የት ላይ ነው? በእኔ ግምት ዋናው ጉዳይ ሰው መብዛቱ ሳይሆን ከተማው የሚሰፋበት ቅደም ተከተል ነው፤ ይህም ከመሬት ይዞታ ጋር የተያያዘ ነው። ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እዚህ ላይ መቆም ያስፈልጋል፤ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ በሆነበት፣ ማዘጋጃ ቤት በሊዝ በሚሰጥበት አገር ያደገ ሰው የጋናን ሁኔታ በራሱ አገር ልማድ ሊተረጉመው ይችላልና። በጋና ከመሬቱ 80 በመቶ ያህሉ በባህላዊ ባለቤቶች፣ ማለትም በአለቆች ዙፋን ሥር፣ በጎሣዎችና በቤተ ዘመድ እጅ ያለ መሆኑ በተለምዶ ይገመታል። በአክራ ዙሪያ የጋ ሕዝብ አለቆችና ቤተሰቦች፣ በኩማሲ ደግሞ አሳንቴሄኔ ተብሎ የሚጠራው የአሻንቲ ንጉሥና ከእርሱ በታች ያሉ አለቆች የመሬቱ ጠባቂዎች ናቸው። የ1992ቱ ሕገ መንግሥት በዙፋን ሥር ያለ መሬት ለዘለቄታ እንዳይሸጥ ይከለክላል፤ የሚተላለፈው ለተወሰነ ዘመን በኪራይ ውል ነው፤ በአነጋገር ግን ሁሉም «ገዛሁ» ይላል።

ሂደቱ እንዲህ ነው። በከተማው ጫፍ ያለው መንደር አለቃ ወይም የቤተሰብ መሪ እርሻውን በቀያሽ ያስለካና በካሬ ይከፋፍለዋል፤ የከተማው የፕላን ክፍል ሳያውቀው ወይም አውቆ ሳያጸድቀው ሽያጩ ይጀመራል። ገዢው መሬቱ ለሌላ ሰው ደግሞ እንዳይሸጥበት ስለሚፈራ ገንዘብ ባገኘ ቁጥር መሠረት ያወጣል፣ ብሎኬት ያስቀምጣል፣ አጥር ያጥራል፤ ቤቱ ዐሥር ዓመት ሊፈጅ ይችላል። እስኪያልቅ ድረስ ቤት ኪራይ የከበደው አንድ ድሃ ቤተሰብ በዘበኝነት ያለ ኪራይ ይኖርበታል። የይዞታ ክርክር ሲነሣም ላንድጋርድ የሚባሉ፣ አንዳንዴ መሣሪያ የታጠቁ ወጣቶች ይቀጠራሉ፤ የ2020ው የመሬት አዋጅ ይህን ድርጊት ወንጀል አድርጎታል። መንገዱ፣ የውሃ መሥመሩና የጎርፍ መውረጃው የሚመጡት ከሁሉ በኋላ ነው፤ ሲመጡም ቤት ያልቆመበት መተላለፊያ አያገኙም።

የቤት ኪራዩም ሰውን ወደ ጫፍ የሚገፋ ነው። በ1963 የወጣው የኪራይ ሕግ ከስድስት ወር በላይ ቅድሚያ ክፍያ መጠየቅን ቢከለክልም፣ በአክራ አከራይ የሁለት ዓመት ክፍያ በአንድ ጊዜ መጠየቁ የተለመደ ነው። ሥራ የጀመረ ወጣት ያን ያህል ገንዘብ ከየትም አያመጣም። ስለዚህ እንደ ካሶዋ ያለውን ቦታ ከሞሉት ሰዎች ብዙዎቹ ከአክራ ተገፍተው የወጡ ከተሜዎች ናቸው፤ የገጠር ጎርፍ ተደርጎ የሚነገርለት የካሶዋ ዕድገት በትልቁ የከተማው የራሱ መፍሰስ ነው። ከግማሽ ምዕተ ዓመት በፊት አሻይማንም በዚሁ መንገድ ተወለደች። መንግሥት ለቴማ 63 ስኩዌር ማይል መሬት ከባህላዊ ባለቤቶቹ ወስዶ፣ በታዋቂው ግሪካዊ አርክቴክት በኮንስታንቲኖስ ዶክሲያዲስ ፕላን መሠረት በሰፈር የተከፋፈለች ከተማ ሲሠራ፣ ወደቡን የገነቡት የቀን ሠራተኞች የፕላኑን ቤት ኪራይ መክፈል አልቻሉም፤ በጫፏ በአሻይማን ሰፈሩ። በ1960 ከ3,000 በታች የነበረው ሕዝቧ በ2000 150 ሺህ፣ በ2021 ደግሞ 208 ሺህ ሆኗል።

ቅደም ተከተሉ መገልበጡ የሚያስከፍለው ዋጋ በ2015 ጁን 3 በግልጽ ታይቷል። አክራን አቋርጦ ወደ ኮርሌ ሐይቅ የሚወርደው የኦዳው ወንዝ ዳርቻው በቤትና በቆሻሻ ስለተጠበበ ከባድ ዝናብ በጣለ ቁጥር ይሞላል። በዚያ ሌሊት በክዋሜ ንክሩማ አደባባይ አጠገብ ከጎርፍ ለመጠለል በአንድ ነዳጅ ማደያ የተሰበሰቡ ሰዎች፣ በውሃው ላይ የተንሳፈፈው ቤንዚን በእሳት ተያይዞ ፈንድቶባቸው፣ በጎርፉና በፍንዳታው በድምሩ ከ150 በላይ ሰዎች ሞቱ። ትራንስፖርቱም ከዚህ የተለየ አይደለም፤ በ2016 መጨረሻ አያሎሎ በሚል ስም ሥራ የጀመሩት ፈጣን አውቶቡሶች የተለየ የመንገድ መሥመር ስላልተዘጋጀላቸው ከትሮትሮዎቹ ጋር በአንድ መጨናነቅ ውስጥ ቆሙ። ውሃ ደግሞ ቧንቧው ከቤቱ ዘግይቶ ስለሚደርስ፣ በ2021 ቆጠራ ከሲሶ በላይ የአገሪቱ ቤተሰቦች ዋና የመጠጥ ውሃቸው በትንሽ ፕላስቲክ ከረጢት ታሽጎ የሚሸጠው እንደሆነ ተናግረዋል።

ዕድገቱን ወደ ሌሎች ከተሞች ማከፋፈል የሚለው ሐሳብ ከፍልሰት ቁጥጥር የተሻለ ሆኖ አገኘዋለሁ፤ ጋናም ሳታውቀው በከፊል ሠርታበታለች። በ1988 የአስተዳደር ወረዳዎች ከ65 ወደ 110 ከፍ ተደረጉ፤ ዛሬ 261 ናቸው። እያንዳንዱ አዲስ ወረዳ መቀመጫ ከተማ፣ ለመቀመጫው ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት፣ የጤና ተቋምና ደመወዝተኛ ያመጣል፤ የከተሞቹ ቁጥር ከ1984 በኋላ በፍጥነት የበዛበት አንዱ ምክንያት ይህ ይመስለኛል። ይሁን እንጂ አዲሱ ትንሽ ከተማም የአክራን የመሬት አሠራር ይዞ የሚያድግ ከሆነ ችግሩ ተከፋፈለ እንጂ አልተፈታም። በ2016 የወጣው የመሬት አጠቃቀምና የቦታ ፕላን አዋጅ ሕጉን አሟልቶታል፤ የጎደለው ፕላኑን ከአለቃው የሽያጭ ካርታ ቀድሞ መሬት ላይ የሚያወርድ የወረዳ ባለሙያ ነው።

ለመመረቂያ ጽሑፉ የምመክረው ይህ ነው። የአክራን ዕድገት ለመለካት «አክራ ሜትሮፖሊታን» የሚለውን መስመር ይተዉት፤ ታላቋን የአክራ ክልል በሙሉ ይውሰዱና በማዕከላዊው ክልል ያለውን አውቱ ሴንያ ምሥራቅን ለብቻ በተለየ ዐምድ ይጨምሩበት፤ ከ2010 ጋር ሲያነጻጽሩም በቆጠራው የሰፈራ ዝርዝር ውስጥ ካሶዋን በስሟ ይፈልጓት። ከላይ የሠራሁትን የትርፍ ስሌት ለእያንዳንዱ የቆጠራ ዘመን ራስዎ ደግመው ይሥሩት፤ ከዚያ ከትርፉ ላይ በዘመኑ መጨረሻ ለመጀመሪያ ጊዜ 5,000 የሞሉትን ሰፈራዎች ሕዝብ ይቀንሱ፤ የቀረው ወደ እውነተኛው ፍልሰት የተጠጋ ይሆናል። የትውልድ ቦታ ሠንጠረዦችን ሲጠቀሙ ደግሞ በኩማሲ ተወልዶ በአክራ የሚኖር ሰው በሠንጠረዡ «ፈላሽ» ተብሎ እንደሚቆጠር አይርሱ፤ ይህ ሰው ግን ከተማ ቀየረ እንጂ ከገጠር አልመጣም።